የአማቱ አፍንጫ

ሰውየውን የሰፈሩ ሰው እንዝርት ይለዋል። ስሙን ያወጡለት አማቱ፣ የሚስቱ እናት ናቸው። ገና ልጃቸውን ለማግባት ሲመላለስ፣ ሳሎናቸው ገብቶ ተቀመጥ ቢሉት መቀመጥ አቅቶት፣ አንዴ መስኮቱን ሲከፍት አንዴ የሬዲዮኑን ቁልፍ ሲነካካ አይተው፣ «ይሄ ልጅ እንዝርት ነው፤ መሽከርከር ካቆመ ይወድቃል» አሉ። በዚያው ስም ሆኖ ቀረ። ለባርማን ግን መጥፎ ስም አልነበረም። እንዝርት ከባንኮኒ ጀርባ ሲቆም እጁ ሎሚ ይቆርጣል፣ ክንዱ መበጥበጫውን ይንጣል፣ አፉ ደንበኛ ያጫውታል፣ ዓይኑ በሩን ይጠብቃል። እግሩም ምንም ሥራ ባይኖረው ዝም አይልም።

ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን በሽሮፑ ነበር። የኮክቴል ግማሽ ጥበቡ ስኳሩ ላይ ነው ብሎ ያምናል። ደረቅ ስኳር ቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ ቢጥሉት አይሟሟም፤ እንደ አሸዋ ብርጭቆው ሥር ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ በውሃ ይሟሟል። ሲያሻው እኩል በእኩል፣ ወፈር እንዲልና እንዲቆይ ሲፈልግ ሁለት እጅ ስኳር ለአንድ እጅ ውሃ። እስከዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል። እሱ የሎሚ ልጣጭ ስኳር ውስጥ ቀብሮ፣ ልጣጩ ዘይቱን እስኪለቅ ድረስ ጠብቆ ነው ውሃ የሚያሳየው። ናናውን የፈላ ውሃ ውስጥ ብቅ ጥልቅ አድርጎ፣ አረንጓዴነቱ ሳይሞት ከሽሮፑ ጋር ይፈጨዋል። ዝንጅብሉን በዝግታ ያንተከትከዋል እንጂ አይቀቅለውም። ይህን ሁሉ የሚሠራው ቤቱ፣ ሚስቱ ምድጃ ላይ ነው፤ የሆቴል ወጥ ቤት ለባርማን ምድጃ አያበድርም።

ታዲያ ይህ ሰው ከአንድ ከባድ ጉንፋን ሲነሣ፣ አፍንጫው አብሮት አልተነሣም።

ያወቀው ብርቱካን ሲልጥ ነው። ጥፍሩን ሲሰካበት የልጣጩ ጠል ፊቱ ላይ ብን አለ፣ ጣቶቹ ረጠቡ፤ ሽታ ግን የለም። ልጣጩን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። የለም። አኘከው። ምላሱን መረረው፣ አፍንጫው ግን ጭጭ አለ። ሳሙና አሸተተ፣ ጫማውን አሸተተ፣ የገዛ ብብቱን አሸተተ። ሁሉም ውሃ ነው።

ሐኪም ዘንድ ቢሄድ፣ ሐኪሙ በመብራት ወደ ውስጥ አየት አድርጎ፣ «ነርቩ ተጎድቷል። ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል። ጠዋት ጠዋት የምታውቃቸውን ሽታዎች እያሸተትክ አለማምደው» አለው።

«እስከ መቼ?»

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። እንዝርትና መጠበቅ ደግሞ ድሮም አይተዋወቁም።

ለማንም አልተናገረም። ለሚስቱም ቢሆን። ይሠራበት የነበረው ሆቴል ለእድሳት ተዘግቶ ቤት ውሏል፤ አዲስ ሥራ ደግሞ ደጁ ድረስ መጥቶለት ነበር። ጫማ ቤት የነበራት አንዲት ሴት ነግዳ ነግዳ ሲሰለቻት፣ ድሮ ማተሚያ ቤት የነበረ ምድር ቤት ተከራይታ ባር ልትከፍትበት ነው። እሷም እሱ ሆቴሉ ሲሠራ አንድ ጊዜ የዝንጅብል መጠጡን ቀምሳለት አልረሳችውም። ባንኮኒውን ገና አናጢዎች እየላጉት ስለሆነ፣ «በሚመጣው እሑድ ቤትህ እመጣለሁ። ለመክፈቻው የሚሆኑ መጠጦች ሠርተህ አቅምሰኝ» ብላዋለች። እንዲህ ላለች ሴት አፍንጫዬ ጠፍቷል ማለት፣ ዓይኔ ጠፍቷል ብሎ የአውቶቡስ መሪ እንደ መጠየቅ ነው።

እናም እንዝርት ቤቱን መዞር ያዘ። ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ። ድስት ይጥዳል፣ ያወርዳል፣ ያጠልላል፣ ይደፋል። ስኳሩን በሚዛን፣ ዝንጅብሉን በሚዛን፣ ሁሉን በትዝታ ይሠራል። ምላሱ ጣፋጩንና ጎምዛዛውን ይለያል፤ ሎሚው ሎሚ መሆኑን የሚነግረው ግን የለም።

«ሆዴን ባር ባር እያለኝ ነው» አላት ሚስቱን አንድ ጠዋት።

ሚስቱ የምትሠራው ፋርማሲ ነው፤ በማለዳ ትወጣለች። ጫማዋን እያሰረች፣ «ባር ስለሌለህ ነው። እሑድ ይለቅሃል» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። እሱ በሩን ዘግቶላት ሲመለስ ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ነበር።

አማቱ እነሱው ዘንድ ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ስኳር በሽታም አለባቸው፤ ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ወግተው ቁጥሩን ለልጃቸው ከክፍላቸው ጮክ ብለው ይነግራሉ፣ እሷም እሺ ብላ ትወጣለች። መጠጥ አይወዱም፤ አማቻቸው መጠጥ ቀጂ መሆኑንም ዘመድ ሲጠይቃቸው፣ «ሽሮፕ ነው የሚሠራው» ይላሉ። «ሚስቱ ሽሮፕ ትሸጣለች፣ እሱ ሽሮፕ ይሠራል» ሲሉ የሰማ ሰው ባልና ሚስቱ ሳል የሚያክሙ ይመስለዋል።

በዚያ ሳምንት አንድ ረፋድ ላይ፣ እንዝርት የቀረፋ ሽሮፕ አጥልሎ ጠርሙስ አነሰው። ከአማቱ መስኮት ላይ ባዶ ጠርሙስ አነሣ፣ በሳሙና አጠበ፣ በፈላ ውሃ አለቃለቀ፣ ሞላው። ክዳኑን እየገጠመ ሳለ ሴትዮዋ ግድግዳውን ተደግፈው መጡ።

«ጠርሙሴን ማን አነሣው?»

«ባዶ ነበር እኮ እማማ።»

«ባዶነቱንማ አውቃለሁ።» ክዳኑን ፈቱት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ፊታቸውን አኮማተሩ። «ይሄን ለሰው ልታጠጣው ነው?»

«ምን ሆነ?»

«አሽትተው እስቲ።»

ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አየር ሳበ። «ደህና ነው» አለ።

አማቱ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ መክተፊያው ዞረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው አንድ ነገር በቢላ ጎን ጨፈለቁ። «ዓይንህን ጨፍን» አሉት። ጨፈነ። እጃቸውን አፍንጫው ሥር አመጡለት።

«ምንድን ነው?»

ከድስቱ የተረፈውን አስታውሶ፣ «ቀረፋ» አለ።

«ነጭ ሽንኩርት ነው ልጄ።»

እንዝርት ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ የወጥ ቤቱን በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አማቱ ተቀምጦ ሲያዩት ነው ነገሩ የምር መሆኑ የገባቸው።

«ያ ጠርሙስ ጉልበቴን የማሽበት ቅባት የነበረበት ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጎረቤት ድረስ ይሸታል። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጉንፋኑ።»

«ልጄ ታውቃለች?»

«አታውቅም። እባክዎ እማማ፣ እሑድ እስኪያልፍ።»

ሴትዮዋ ጠርሙሱን ገልብጠው ቀረፋውን ማጠቢያው ውስጥ አንቆረቆሩት። «መጠጥ የሰው ቤት አፍራሽ ነው፤ እሱን ታውቅልኛለህ» አሉ። «ይሄ ሽሮፕ ያልከው ግን ስኳርና ውሃ ነው አይደል?»

«ስኳርና ውሃ ነው።»

«ስኳርና ውሃ ማሽተት ኃጢአት ነው ያለኝ ሰው የለም። ጣድ።»

እንዲህ ተጀመረ። ሚስቱ ከወጣች በኋላ አማቱ ወጥ ቤት ገብተው፣ ጉልበታቸውን በፎጣ ጠቅልለው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። እሱ ከድስቱ በትንሽ ብርጭቆ ቀድቶ ያቀርብላቸዋል። መጀመሪያ፣ «ማሽተት ብቻ እማማ፣ ስኳርዎን አውቃለሁ» ብሏቸው ነበር፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸትታሉ። የሚናገሩት ነገር ከባርማን አፍ የማይወጣ ዓይነት ነው። የሎሚውን፣ «ዝናብ ሲያባራ በመስኮት የሚገባው አየር» አሉት። የናናውን ግን ሲያሸትቱ ከንፈራቸውን ጣሉ። «የታጠበ አንሶላ ነው። ያውም ሳሙናው ያልለቀቀ።»

«በጣም ቆይቷል ማለት ነው፣ ቅጠሉ በስሏል» ብሎ እንደገና ይጥዳል።

የዝንጅብሉን ሲያሸትቱ ፈገግ አሉ። «ይሄ ይቆጣል። ደግ ቁጣ ነው፤ እንደ ሟቹ ባሌ።»

እንዝርት ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጉንፋኑ ወዲህ የሠራውን ነገር አወቀው። ግን እንደ ጠባዩ አልበቃውም። ዝንጅብሉ ላይ የብርቱካን ልጣጭ ቢጨመርስ አለ። ቅርንፉድ ጣል ቢደረግበትስ አለ። ጠርሙሶቹ በፍሪጁ ውስጥ ተደረደሩ፣ ስኳሩ አለቀ፣ ሌላ ስኳር መጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ማን ሰምቶ።

በሁለተኛው ቀን ነው አማቱ፣ «ሽታ ብቻውን ውሸታም ነው፣ እስቲ ልቅመሰው» ብለው ማንኪያ ያነሡት። ጫፉን ነክረው ላሱ። እንዝርት አየ። እጁን ዘርግቶ ማንኪያውን ሊቀበላቸው ይችል ነበር። እሱ ግን የሚናገሩትን ለመስማት ቸኩሎ ነበር፤ እሳቸውም «አሁን ገና ገባኝ፣ መጨረሻው ላይ ይመራል» ሲሉት፣ ነገሩ ትክክል ሆኖ ስላገኘው ማንኪያውን ረሳው። ወይም የረሳ መሰለው። በማግስቱ ጫፉ ሞልቶ ግማሽ ማንኪያ ሆነ፣ ግማሹም ሙሉ።

ከዚያ ወዲያ ያየውን ላለማየት ብዙ ሥራ ፈጠረ። አማቱ ውሃ ደጋግመው ሲጠጡ ያያል፤ ሙቀቱ ነው ይላል። ሽንት ቤት ሲመላለሱ ይሰማል፤ ዕድሜ ነው ይላል። ተቀምጠው እንቅልፍ ሲጥላቸው፣ ቀስ ብሎ ብርጭቆውን ከእጃቸው ወስዶ ያጥባል። ጠዋት ለልጃቸው የሚጠሩት ቁጥር ሁልጊዜ ሸጋ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄው ነው።

እሑድ ሲቀርብ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻውን የናና ሽሮፕ እያጠለለ ሳለ ከኮሪደሩ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማ። ሲሮጥ ቢወጣ አማቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል። ወድቆ የጮኸው የኮት መስቀያው ነው፤ እሱን ሊይዙ ብለው አብረው ወርደዋል።

«እማማ።»

«አልወደቅኩም» አሉ። «ዓይኔ ላይ ጭጋግ ገባ። ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።»

ምላሳቸው ይተሳሰር ነበር። እንዝርት መነጽራቸውን ፈልጎ፣ ጫማቸውን ሳያገኝ፣ እንዲሁ አዝሏቸው ደረጃውን ወረደ። ታክሲው ውስጥ እጃቸውን ይዞ እግሩ ወለሉን ሲመታ፣ ሹፌሩ በመስተዋት አየው። «ወንድሜ፣ ፍሬኑ እኔ ጋ ነው» አለው። 

ክሊኒኩ ውስጥ ጣታቸውን ወጉ፣ መሣሪያውን አዩ፣ እንደገና ወጉ። ወጣቷ ሐኪም ጎንበስ ብላ፣ «እናቴ፣ ሰሞኑን ምን ምን በሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እንደ ወትሮው ነው» አሉ አማቱ፣ ጣሪያውን እያዩ።

ሐኪሟ ወደ እሱ ዞረች። ሚስቱም ከፋርማሲው እየሮጠች ደርሳ፣ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እንዝርት ሁለቱንም አየ። መዞሪያ ቦታ የለም።

«ሽሮፕ ሲቀምሱልኝ ነበር» አለ። «ጠዋት ጠዋት፤ በማንኪያ።»

«የሳል?» አለች ሐኪሟ።

«የስኳር። ለኮክቴል የማደርገው። እኔ ማሽተት አልችልም፤ ከጉንፋኑ ወዲህ ጠፍቶብኛል። እሳቸው ናቸው የሚያሸትቱልኝ።»

ሐኪሟ ኢንሱሊንና ፈሳሽ እያለች ከነርሷ ጋር ተነጋግራ ወደ ሥራዋ ዞረች። ሚስቱ ወንበር ስባ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች፣ የእናቷን ባዶ እግር አየች፣ የራሷን ሻርፕ አውልቃ ጠቀለለችላቸው።

መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ የተንጠለጠለላቸውን ፈሳሽ እያዩ፣ «ማሽተት ብቻ ነው ያለኝ» አሉ። «ማንኪያውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ጣፈጠኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ስኳር የለሽ ሻይ ስታጠጪኝ ኖረሽ፣ ጣፈጠኝ።»

«ቁጥሩንስ እማዬ?»

«ቁጥሩን እኔ ነኝ የቀነስኩት።»

ሚስቱ ቀና ብላ ባሏን አየችው። «ማንኪያውን ስታነሣ አይተሃታል?»

«አይቻለሁ።»

«አይተህ ዝም አልክ።»

«አዎ።»

ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሥራውን፣ እሑድን፣ ፍርሃቱን። ዘጋው። ብትጮህበት ይቀለው ነበር። ወደ ውጭ ወጣ፣ ክሊኒኩን ዞረ፣ እንደገና ዞረ፤ ዘበኛው ምን ጠፋብህ ብሎ እስኪጠይቀው ድረስ።

አማቱን አሳድረው በማግስቱ ለቀቋቸው። ቤት ሲገቡ እሑድ ነገ ነበር። ሚስቱ እናቷን አስተኝታ ወጥ ቤት ገባች፤ ፍሪጁን ከፍታ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አየች። እንዝርት አሁን ትደፋዋለች ብሎ ጠበቀ። ልትደፋ ብትል አይከለክላትም ነበር። እሷ ግን ፍሪጁን ዘጋችው።

«አፍንጫህ እንደ ጠፋ ለኔ ብትነግረኝ ምን እሆንብህ ነበር?» አለችው።

«እንጃ። ከነገርኩሽ እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።»

«ሳትነግረኝም እውነት ሆነ እኮ። የእናቴ ዓይን ሊጠፋ ነበር። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ሲባል እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።» ፈገግ አላለችም። «ሴትዮዋን አትምጪ እንዳትላት። ትምጣ። ግን ሳትቀምስ በፊት ትነግራታለህ። እኔ እዚያው ቁጭ እላለሁ።»

ባለባሯ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣች። ረጅም ናት፤ ከጫማ ንግድ የተረፋት አመል ሆኖ፣ ሰው ስትተዋወቅ መጀመሪያ የምታየው እግሩን ነው። የእንዝርትን አንድ ቦታ የማይረጋ እግር አይታ፣ «ተጨንቀሃል?» አለችው።

«የምነግርዎ ነገር አለ» አለ። ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ በር ላይ ነገራት። አፍንጫው መጥፋቱን፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ሽሮፑን ማን እንዳሸተተለት፣ ምን እንደደረሰባቸው። ሲናገር ቃላቱ እርስ በርስ ይጋጩ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ሲጨርስ ወደ ኋላ የሚመልሰው አልነበረም።

ሴትዮዋ ሚስቱን አየች። ሚስቱ ራሷን ነቀነቀች።

«መጥቻለሁ፤ ልቅመስ» አለች ባለባሯ ኮቷን እያወለቀች።

እንዝርት በረዶ አወጣ። እጁ ሥራ ሲያገኝ ትንሽ ረጋ። ጂኑን ለካ፣ የሎሚውን ሽሮፕ ለካ፣ መበጥበጫውን ሲንጠው በረዶው በብረቱ ውስጥ ተንኳኳ። የመጀመሪያውን ቀመሰች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ደገመች። ሁለተኛውን ሲጀምር ከመኝታ ክፍሉ በተዘጋ በር በኩል ድምፅ መጣ።

«ቅርንፉድ ያለበትን አይደለም። ያኛውን፣ የሚቆጣውን ስጣት።»

ባለባሯ ብርጭቆዋን አየር ላይ ይዛ ቆመች። «ማን ናቸው?»

«አፍንጫዬ ናቸው» አለ እንዝርት።

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሚስቱም ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። ባለባሯ የሚቆጣውን ጠጣች፣ ሙሉውን። ናናውን ግን ቀምሳ አስቀመጠችው። «ይሄ አልሆነም፤ የጥርስ ሳሙና ይመስላል» አለች፣ ያለ ክፋት። አፍንጫ ቢኖረው ይሄን ቀድሞ ያውቀው ነበር።

ከዚያ ብርጭቆዎቹን በጣቷ እያሽከረከረች አሰበች። «እውነቱን ስለነገርከኝ እኔም እውነቱን ልንገርህ» አለች። «ባንኮኒ ላይ ላቆምህ አልችልም። የተበላሸ ጭማቂ፣ የሻገተ ቅጠል፣ የተሳሳተ ጠርሙስ ሳታውቀው ለሰው ብትቀዳስ?»

ቅባት የነበረበት ጠርሙስ በዓይኑ መጣበት።

«ሽሮፑን ግን ሥራልኝ። ሎሚውንና ዝንጅብሉን። እዚሁ ቤትህ ሠርተህ ታመጣለህ፣ ባንኮኒ ላይ ሌላ ሰው ይቆማል። አፍንጫህ ሲመለስ እንነጋገራለን።»

«ካልተመለሰስ?»

«ካልተመለሰ ሽሮፕ ትሠራለህ።»

እንዝርት አመስግኖ፣ አስብበታለሁ ብሎ ሸኛት። በሩን ዘግቶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። የሚወደው ሰው ፊት መቆሙን፣ ጫጫታውን፣ አንዱን ሲያስቅ ለሌላው መቅዳቱን ነው። ብቻውን ወጥ ቤት ውስጥ ድስት የሚያማስል ሰው መሆን ሞት መሰለው። ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣ። የሰፈሩን መንገድ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ የተዘጉ ሱቆችን አለፈ፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ ወዲያው መቆም አቃተው፣ ተመለሰ። ሲራመድ ከሴትዮዋ ጋር ይሟገት ነበር፤ ተሳስተሻል ይላታል፣ ከዚያ እሷ ትክክል ሆና ታገኘዋለች፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ጉልበቱ ሲዝል ከራሱ በቀር የሚሟገተው አጣ።

ቤት ሲገባ አማቱ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሚስቱ ጣታቸውን እየወጋች ነበር፤ ቁጥሩን አሁን የምታነበው እሷ ራሷ ናት።

«ምን ወሰንክ?» አለችው ቀና ሳትል።

«እሠራለሁ።»

«እሺ። ማንኪያ የሚባል ነገር እማዬ ያለችበት ክፍል አይገባም። ታሸትታለች፣ አፏን ዘግታ። ቅምሻው ያንተ ነው፤ ምላስህ አልጠፋም። አንተም ሐኪሙ ያለህን ጠዋት ጠዋት ታደርጋለህ፤ እየዞርክ አይደለም፣ ቁጭ ብለህ።»

«ቁጭ ማለቱን እንኳ ተዪው» አሉ አማቱ። «የማይሆን ነገር አትጠይቂ። ቆሞ ያሽትት።»

ባሩ ሲከፈት እንዝርት ጠርሙሶቹን ይዞ በኋላ በር ገባ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ቀልጣፋ ልጅ ናት፤ ግን መበጥበጫውን ስትንጥ ክንዷን እንጂ ትከሻዋን አታሠራም። ጣቱ ጠረጴዛውን ሲቆረቁር አይታ፣ «ስህተት አለው?» አለችው። ያለበትን ነገራት። ሌላ ቀን ሌላ ነገር ጠየቀችው። ጠርሙስ ሊያደርስ የሚሄድበት ሰዓት እየረዘመ መጣ፤ ባለባሯም እያየች እንዳላየች ሆነች። ደስ ብሎት ነው ለማለት ይከብዳል። ከባንኮኒው በዚህ በኩል ሲቆም እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አያውቅም ነበር። ቤት ሲሆን ግን ከአማቱ ጋር ይጨቃጨቃሉ፤ አማቱ አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው፣ በአፍንጫቸው ብቻ፣ «ሰነፍ ሎሚ ነው ያመጣኸው፣ መልስ» ይሉታል፤ እሱም ይመልሳል።

ወራት አለፉ። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ዘንድ ቆሞ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ሳሙና ያሸትታል። ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ።

አንድ ቀን ጠርሙሶቹን በከረጢት ይዞ አውቶቡስ ውስጥ ሳለ መንገዱ ተዘጋ። ሠራተኞች አስፋልት እየደፉ ነው። አውቶቡሱ ቆሞ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም እንዝርት ድንገት ቀጥ አለ። አፍንጫው ውስጥ፣ ወደ ላይ፣ አንድ ነገር ነክቶት አለፈ። አንዳች የተቃጠለ፣ የከረረ፣ ደስ የማይል ነገር። ሌላ ትንፋሽ ሳበ፤ ጠፋ። ሦስተኛውን ሲስብ እንደገና መጣ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ጥሪ።

ሰዎችን እየገፋ ወረደ። ከረጢቱን አቅፎ ዝፍቱ የሚፈላበት በርሜል አጠገብ ሄዶ ቆመ። ፊቱን የጠቀለለ ሠራተኛ አካፋውን ተደግፎ አየው።

«ምን ፈለግክ ወንድሜ? ራቅ በል፣ ያቃጥልሃል።»

«ይሸታል?» አለ እንዝርት።

ሠራተኛው ከጓደኛው ጋር ተያየ። «አፍንጫ የለህም እንዴ? ከተማው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ እያለፈ እኮ ነው።»

«ምን ምን ይላል?»

«ዝፍት ዝፍት ይላል። ሌላ ምን ይበል?»

እንዝርት ራሱን ነቀነቀ። የሚሰማው እውነተኛው ዝፍት ይሁን፣ ትዝታው ይሁን፣ ወይስ አፍንጫው ሲመለስ የያዘው አንዳች የተጣመመ ነገር፣ ማወቅ አልቻለም። በረጅሙ እየተነፈሰ ቆመ፤ ጭሱ ዓይኑን እስኪያስለቅሰው ድረስ። ከኋላው አውቶቡሱ መንገዱ ተከፍቶለት ጥሩምባ ነፋና ጥሎት ሄደ። እሱም ለባሩ እንደዘገየ ትዝ ሲለው፣ ከረጢቱን በሌላው ክንዱ አዛውሮ የቀረውን መንገድ በእግሩ ጀመረው፤ እያለፈ ያገኘውን ሁሉ፣ አጥሩንም፣ የዛፉንም ቅርፊት፣ የቆመውንም መኪና፣ ጎንበስ እያለ እያሸተተ።